ልጄ፣ ለሁለት የሚበቃውን ሥሪ

ልጄ፣ ከውጫሌ ወዲያ ካለው ከአባትሽ ቤት ወጥተሽ ከባለቤትሽ ጋር ሐይቅ ከተማ ጎጆ ከያዝሽ ወዲህ፣ እናትሽን ባገኘኋት ቁጥር ስላንቺ እጠይቃለሁ። ደህና ናት ትለኛለች። እኔም ደስ ይለኛል። ሰሞኑን ግን አንድ ነገር ሰማሁና ልቤ ትንሽ ሰጋ። ወጡ እየተረፈ፣ እንጀራው እየሻገተ አስቸገረኝ ብለሻታል አሉ። አንዳንድ ማታ ደግሞ ሰልችቶሽ እሳት ሳትለኩሺ፣ ዳቦ በሻይ ቀማምሳችሁ ታድራላችሁ አሉ።

አይክፋሽ ልጄ። የባለሙያ ልጅ ነሽ። እጅሽ ወጥ ያውቃል። ያላወቀው ልኩን ብቻ ነው፤ ልክ ደግሞ ይለመዳል። አሁኑኑ ካልተለመደ ግን እንዲሁ ልማድ ሆኖ ይቀራል። እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

እስቲ ያደግሽበትን ቤት አስቢው። እናትሽ ስትሠራ ለስንት ሰው ነበር? ለልጆቹ፣ ለአያትሽ፣ ለእረኛው ነው። እርሻ ሲደርስ ለደቦው ሰው፣ ምሳ ተሸክማችሁ ማሳ ድረስ ትወስዳላችሁ። ከመንገድ የመጣ ዘመድ አለ፤ የጎረቤት ልጅ አለ። ድስቱ ትልቅ የሆነው ቤቱ ትልቅ ስለነበረ ነው። የተረፈውም ቢሆን ሜዳ አይወድቅም። አተላው ለላሟ፣ ፍርፋሪው ለዶሮዋ፣ አጥንቱ ለውሻው ይሄዳል። ያደረው ወጥ ጠዋት ፍትፍት ሆኖ ልጆቹን ትምህርት ቤት ይሸኛል። እዚያ ቤት ትርፍ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሁሉም ነገር በላተኛ ነበረው።

አሁን አንቺ ያለሽው ኪራይ ቤት ነው። ላም የለሽም፤ ዶሮ የለሽም። ያላችሁት አንቺና ባልሽ ብቻ ናችሁ። የእናትሽን ልክ ይዘሽ ስትሠሪ፣ የእናትሽ ቤት በላተኞች ግን አብረውሽ አልመጡም። ስለዚህ ይተርፋል። ስለዚህ ይደፋል። ሙያ ጎድሎሽ የመጣ ነገር አይደለም።

ልጄ፣ በእኛ አገር ምግብ መድፋት እንዴት እንደሚያም ታውቂያለሽ። በ1966ም በ1977ም ረሃብ የወሎን ሰው እንዴት እንዳረገፈው ከእናትሽና ከአያትሽ ሰምተሻል። የዚያን ጊዜ ሰው ቁራሽ እንጀራ መሬት ላይ ካየ አንስቶ ከፍ ያለ ቦታ ያስቀምጣል እንጂ አይረግጥም። ይህን የምነግርሽ ላስፈራሽ ብዬ አይደለም። ያደረ ወጥ ስትደፊ እጅሽ የሚከብደው ለምን እንደሆነ እንድታውቂ ነው። ያ ክብደት ጥሩ ነው፤ አታጥፊው። ግን ክብደቱ ሲሰማሽ መፍትሔው ትርፉን ሁሉ መዋጥ አይደለም። ብዙ ሴት «ከሚደፋ ልብላው» ትላለች። ዛሬ ትላለች፣ ነገም ትላለች። በጥቂት ዓመት ቀሚሷ ይጠባታል፣ ደም ግፊትና ስኳርም ሊመጣባት ይችላል። የአራት ሰው ምግብ በሁለት ሆድ ውስጥ ማስቀመጥ ቁጠባ አይደለም። መፍትሔው ከመሥሪያው፣ ከልኩ ነው።

ከእንጀራው እንጀምር፤ አብዛኛው ጉዳት ያለው እዚያ ነው።

የእናትሽ ሊጥ በትልቅ ቡኾ ዕቃ ሙሉ ነበር። አንቺ ጠባብ ዕቃ ግዢ። ጥቂት ሊጥ ሰፊ ዕቃ ውስጥ ተዘርግቶ ሲቀመጥ በደንብ አይነሣም፤ በጠባብ ዕቃ ከፍ ብሎ ሲቀመጥ ግን ሙቀቱን ይይዛል። እርሾሽም እንዲሁ ጥቂት ይብቃው። አብሲት ስትጥዪም በሊጥሽ መጠን ይሁን፤ ከእናትሽ ቤት እንደለመድሽው ብዙ ብትጥዪ እንጀራው ይበላሽብሻል። ሊጡ እስኪደርስ ሁለትና ሦስት ቀን እንደሚፈልግ አትርሺ። ብርድ ሲሆን ይዘገያል። ስለዚህ ቀኑን ቀድመሽ አስቢበት።

ስንት እንጀራ እንደሚበቃችሁ ከእኔ አትጠይቂ፤ ከመሶብሽ ጠይቂ። አንድ ሳምንት ሙሉ በየቀኑ የተበላውን ቁጠሪ። እሱ ጠዋት ስንት በላ፣ ማታ ስንት በላ፣ አንቺስ? በግድግዳው ላይ ጻፊው። ሳምንቱ ሲያልቅ ልክሽን ታውቂዋለሽ። ከዚያ የሦስት ቀን፣ ቢበዛ የአራት ቀን ብቻ ጋግሪ። እንጀራ ከዚያ በኋላ በተለይ በክረምት ይሻግታል። የሻገተውን እየቀረፍሽ አትብዪ፤ ሻጋታው ዓይን ካየው አልፎ ይገባል።

ችግሩ ይገባኛል፤ ለጥቂት እንጀራ ምጣድ ማሰማት ያሳዝናል። በማገዶ ከሆነ እንጨቱ፣ በኤሌክትሪክ ምጣድ ከሆነ መብራቱ፣ የመጀመሪያውን እንጀራ ለማውጣት የሚሄደው ብዙ ነው። ለዚህ ነው ጎረቤት የምትፈልጊው። ግቢሽ ውስጥ እንዳንቺ ሁለት ሆነው የሚኖሩ አይጠፉም። ከአንዷ ጋር ተስማሚ። አንዴ በሰማ ምጣድ ሁለታችሁም ጋግሩ፤ ዛሬ ባንቺ ምጣድ፣ በሚቀጥለው በእሷ። ሊጥሽን ይዘሽ ሂጂ፣ ጋግረሽ ተመለሺ። ወሎ ውስጥ ሙስሊሟና ክርስቲያኗ ጎን ለጎን ኖረው ምጣድ ሲዋዋሱ ነው የኖሩት። የሥጋ ነገር ሲሆን እያንዳንዱ የራሱ ሥርዓት አለው፤ በእንጀራና በቡና ግን የሚለያያችሁ የለም።

ያም ሆኖ ከተረፈሽ ሳይሻግት በፊት ቆራርሰሽ ፀሐይ ላይ አስጪውና ድርቆሽ አድርጊው። በደንብ ከደረቀ ይቆያል። ጠዋት በትንሽ ቁሌት ብትፈረፍሪው ቁርስ ነው። ሰውየው መንገድ ሲሄድ ደግሞ ስንቅ ነው።

አሁን ወደ ወጡ። ልጄ፣ ወጥ ለሁለት ሰው መሥራት የሚያሰለቸው ሽንኩርቱ ነው። ሽንኩርት መክተፍ፣ ማቁላላት፣ በርበሬ ማብሰል፤ ለሁለት ሰውም ለአሥር ሰውም ድካሙ ያው ነው። አንቺም «ለሁለት ሰው ምን ይህን ያህል ያለፋል» ብለሽ የምትተዪው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ድካሙን በየቀኑ አትድከሚው። ቅዳሜ ወይ እሑድ አንድ ጊዜ ደህና አድርገሽ ቁሌት አቁላዪ። ሽንኩርቱ በደንብ ይብሰል፣ በርበሬው ዘይት እስኪተፋ ይብሰል፣ ውኃ አይጠጣ። ሲበርድ ንጹሕና ደረቅ ማሰሮ ወይም ክዳን ባለው ብልቃጥ አስቀምጪው። ማቀዝቀዣ ካለ አራት አምስት ቀን ይቆይልሻል። ከሌለ ለሁለት ቀን ብቻ ሥሪ፤ ማታ ማታም አሙቂው። እርጥብ ማንኪያ አታስገቢበት። ቁሌት የሚያበላሸው ውኃ ነው።

ይህ ካለሽ ቀሪው ቀላል ነው። ከሥራ ደክመሽ ስትገቢ ሁለት ጭልፋ ቁሌት ትንሿ ድስት ላይ ታደርጊያለሽ። ዛሬ ሽሮ ታደርጊበታለሽ። ነገ ምስር። ከነገ ወዲያ ድንች። አንድ ቀን ያቁላላሽው ለብዙ ቀን ይሆንሻል፤ በየቀኑ ግን ወጡ ትኩስ ነው፣ ዓይነቱም ይለያያል። የሦስት ቀን ሽሮ አንድ ጊዜ ሠርቶ ሦስት ቀን ማሞቅ ሌላ ነው። እሱ ሰውን ከቤቱ ምግብ ያስኮርፋል።

መጠኑን ደግሞ በዕቃ ልመጂ፤ በዓይን የለመድሽው የትልቁን ቤት ነውና ዓይንሽ ለጊዜው ያሳስትሻል። ሽሮ ለአንድ ሰው አንድ የቡና ስኒ ይበቃል። ምስር ለሁለታችሁ አንድ የሻይ ብርጭቆ። ከጎደለ በሚቀጥለው ትጨምሪያለሽ። ውኃውን ግን በዚያው ልክ አትቀንሺ። ትንሽ ወጥ ቶሎ ይደርቃል፣ ቶሎም ያራል። ድስቱ ትንሽ ይሁን፣ እሳቱ ለስለስ ይበል፣ ክዳኑ ይገጠም፣ ትንሽ ሙቅ ውኃ ከጎንሽ አይጥፋ። ጨው መጨረሻ ላይ እየቀመስሽ ጨምሪ። በእናትሽ ቤት እጅሽ የለመደው እፍኝ ለትንሿ ድስት መርዝ ነው።

እናትሽ ሽሮና በርበሬ በጆንያ ስትልክልሽ እምቢ ለማለት እንደሚያሳፍርሽ አውቃለሁ። እናት ናትና በልክ መስጠት አታውቅም። ግን በአክብሮት ንገሪያት። «እማዬ፣ አንድ ጊዜ ብዙ ከምትልኪልኝ በየሦስት ወሩ ጥቂት ላኪልኝ» በያት። ሽሮ ሲከርም ነቀዝ ይገባዋል፣ መዓዛውም ይጠፋል። በየሦስት ወሩ መላኩ ደግሞ ሌላም ጥቅም አለው፤ በየሦስት ወሩ ትጠያየቃላችሁ።

ሥጋ ሲሆን ግማሽ ኪሎ፣ ሩብ ኪሎ ብለሽ ለመግዛት አትፈሪ። ሉካንዳው ይመዝንልሻል፤ ማንም አይስቅብሽም። በበዓል ቅርጫ ሲገባ አንድ መደብ ለሁለት ሰው ይበዛል። ከሌላ አዲስ ጎጆ ጋር ግማሽ ግማሽ ግቡ። ዶሮ ግን ልዩ ነገር ነው። ዶሮ በሥርዓቱ 12 ብልት ነው፤ 12 ብልት ደግሞ የሁለት ሰው ምግብ አይደለም። ዶሮ ወጥ የምትሠሪው ሰው ስትጠሪ ይሁን። የእሱ ወንድም ይምጣ፣ የአንቺ እህት ትምጣ፣ ጎረቤት ይጨመር። ዶሮ ወጥ ድሮም ለብቻ የሚበላ ምግብ አይደለም።

አንድ ነገር ግን ሐይቅ ለአንቺ አዘጋጅቶልሻል። ከሐይቁ የሚወጣው ቆሮሶ ዓሣ ለሁለት ሰው የተፈጠረ ይመስላል፤ አንድ ላንቺ፣ አንድ ለእሱ። በአባትሽ አገር በአምባሰል ስታድጊ ዓሣ ብዙ አልለመድሽ ይሆናል፤ ልመጂው። ታንኳ ሲመለስ የወጣውን በማለዳ ግዢ። ጉንጩ ውስጥ ያለው ስንጥብ ቀይ፣ ዓይኑ የጠራ ከሆነ ትኩስ ነው። በገዛሽው ቀን ሠርታችሁ ብሉት፤ ዓሣ ካደረ ደህና አይሆንም። ጨው፣ ሎሚ፣ ትንሽ ዱቄት ነስንሰሽ በትንሽ ዘይት ጥበሺው። ወይም ከዚያ ቁሌት አንድ ጭልፋ አድርገሽ ወጥ ሥሪው። በጾም ይበላል አይበላም ለሚለው የንስሐ አባትሽን ጠይቂ፤ እኔ አልገባበትም።

አሁን ደግሞ ከትርፉ ይልቅ የምፈራውን ልንገርሽ። «ለሁለት ሰው ምን እሳት ይነዳል» የሚል አባባል አለ። ብዙ አዲስ ጎጆ የተጎዳው በዚህ አባባል ነው። መጀመሪያ አንድ ማታ ዳቦ በሻይ ይሆናል። ከዚያ እሱ «በልቼ ነው የመጣሁ» ይላል። ከዚያ አንቺ ለብቻሽ ቆመሽ ቁራሽ ትጎርሻለሽ። ከዚያ ምግብ ቤት የሚከፈለው ገንዘብ ከወር ወር ይከብዳል። ገንዘቡ ይቅር። ሁለት ሰው ቀኑን ሙሉ ተለያይቶ ውሎ ማታ አንድ መሶብ ላይ ካልተገናኘ መቼ ይገናኛል? መኮራረፍ የሚፈታው መሶብ ላይ ነው። የቤት ኪራይ፣ የእናት ሕመም፣ የነገ ሐሳብ የሚወራው መሶብ ላይ ነው። ሰዉ ሁለት ነው ብለሽ ቤቱን አታሳንሺው። ሁለት ሰው ሙሉ ቤት ነው ልጄ። እሳት ይገባዋል።

በሳምንት ሁሉንም ቀን አብስዪ አልልሽም። ትሠሪያለሽ፣ ትደክሚያለሽ። የምትደክሚበትን ቀን ቀድመሽ እወቂውና ለዚያ ቀን ቀላል ነገር አስቢ። ንፍሮ፣ ቅንጬ፣ እንቁላል በቲማቲም። ቁጭ ብላችሁ እስከበላችሁ ድረስ እሱም እራት ነው።

ባልሽስ? ይሥራ። በእኛ ዘመን ወንድ ማድ ቤት አይገባም ነበር። አንቺን ግን የምመክርሽ በዛሬው ቤት ነው። እናትሽ ቤት እህቶችሽ ነበሩ፣ አክስቶችሽ ነበሩ፤ አንዷ ስትከትፍ ሌላዋ ትቆላ ነበር። አንቺ ቤት ሁለተኛው እጅ እሱ ብቻ ነው። ቅዳሜ ቁሌት ስትሠሪ ሽንኩርቱን እሱ ይላጥ፣ ይክተፍ። ዕቃውን ይጠብ። ክብሩ አይቀንስም። አብሮ የሠራ ሰው ደግሞ የምግቡን ዋጋ ያውቃል፤ ሳይነግርሽ ውጪ በልቶ አይመጣም። በቁጣ አትጠይቂው። በደህና ቀን፣ በለሰለሰ ቃል ጠይቂው። ጨዋ ልጅ ነው፤ እምቢ አይልም።

የቀረው እንግዳ ነው። እዚህ ላይ እንደምትጨነቂ አውቃለሁ። «በልክ ከሠራሁ፣ ድንገት ሰው ቢመጣስ? ስስታም ብባልስ?» ትያለሽ። የወሎ ልጅ ይህን ብትፈሪ አልፈርድብሽም። የእኛ ሰው እንግዳን አስርቦ ከሚሰድ ራሱ ቢራብ ይመርጣል። ግን ልጄ፣ በየቀኑ የማይመጣ እንግዳ እየጠበቅሽ በየቀኑ የሚደፋ ምግብ መሥራት እንግዳ መቀበል አይደለም። እንግዳው ሲመጣ የሚያገኘው ያደረ ወጥ ነው።

እንግዳሽን በደረቁ ጠብቂው። ቤትሽ ውስጥ ለእንግዳ ብለሽ የምታስቀምጪው ይኑር፤ ቆሎ፣ በሶ፣ ጥቂት እንቁላል፣ ሽሮ፣ ቡና። እነዚህ ቶሎ አይበላሹም፤ እንቁላሉን ብቻ እየተመለከትሽ ቀይሪ። ሰው ሲገባ ቆሎውን ታቀርቢያለሽ፣ ቡናውን ትጥጃለሽ። ቡናው እስኪፈላ ሽሮው ይደርሳል፤ ቁሌት አለሽና። እንጀራ ቢጎድል ጎረቤትሽ አለች፤ እንጀራ መበደር ነውር ሆኖ አያውቅም፣ ስትጋግሪ ትመልሻለሽ። እሷም ከሌለች ትኩስ ቂጣ ጋግሪ። ልንገርሽ፣ ለእሱ ተብሎ የተሠራ ትኩስ ሽሮ የቀረበለት እንግዳ ያደረ ሥጋ ወጥ ከቀረበለት የበለጠ ተከብሯል።

አማትሽ መጥታ ትንሿን ድስት አይታ አንድ ነገር ብትል፣ አትከፊ፣ መልስም አትስጪ። እሷም ከትልቅ ቤት ናት። «እማማ፣ እርስዎ ሲመጡልን ትልቁን እንጥዳለን» በያትና ትልቁን ጣጂ።

ልክ ስስት እንዳይመስልሽ አንድ ነገር ልጨምር። እዚያው አጠገብሽ ሐይቁ ላይ የእስጢፋኖስ ገዳም አለ። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የገዳሙን ሥርዓት ያቆሙበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ነው። በገዳም ለአንድ መነኩሴ የሚደርሰው የዕለት ምግብ መቁነን ይባላል፤ ተለክቶ ይሰጣል። ገዳማውያንን በዚህ ምክንያት ስስታም ያላቸው ሰው የለም። ሁሉም እንዲደርሰው፣ ምንም እንዳይባክን ተብሎ ነው የሚለካው። አንቺም ብትለኪ በዚሁ ምክንያት ነው።

ነገ ልጅ ሲመጣ፣ እንዲያ ይሁንልሽ፣ ልኩ ይጨምራል። ያን ጊዜ ድስቷን ቀይሪ። ትልቁን ድስት እንዳትሸጪው፤ ለክርስትናው፣ ለድግሱ ይፈለጋል። ለዛሬ ግን ከምድጃው አጠገብ አንሺው፣ ዓይንሽ ሥር ከዋለ እጅሽ ወደለመደው ይሄዳል።

ልጄ፣ በመጪው ቅዳሜ ጀምሪ። እንጀራውን መቁጠርና ቁሌቱን ማቁላላት፣ እነዚህን ሁለቱን ብቻ ያዢ፤ ሌላው ቀስ ብሎ ይከተላል። ይህንንም አንብበሽ ስትጨርሺ ለባልሽ ስጪው፤ ለእሱም የተጻፈ ነውና።